መሬቱ እምቢ ሲል

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ታቅፋ መጣችና ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ «አባባ፣ ፈረስ ጋሪን ሲስብ ጋሪውም ፈረሱን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይስበዋል ይላል መጽሐፉ። ኃይሎቹ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል?» አለችኝ።

ስኒውን አስቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ ከሞላ ጎደል በእነዚሁ ቃላት ከዚህ በፊት የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1974 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ለጠየቀኝ ልጅ የሰጠሁት መልስ በ36 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ከፈጸምኩት ጥፋት ሁሉ ይልቅ ይከነክነኛል። ለወጣቶች ምክር ጻፍ ሲሉኝ የኖሩ ወዳጆች አሉኝ፤ እምቢ ስል ኖሬያለሁ። ይህም ምክር መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ደብረ ብርሃን ስመደብ 24 ዓመቴ ነበር። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የሚይዙ ጣቶቼ አይታዘዙልኝም ነበር። ክፍሉ ውስጥ 70 ተማሪ አለ፣ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የኒውተንን ሦስት ሕጎች ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር። በቃል መውጣትና ማወቅ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ የአባቱን ጋሪ ይነዳል። ፈረስ ፈረስ ስለሚሸት ጓደኞቹ ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። የዚያን ዕለት ሦስተኛውን ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ኃይል አለ የሚለውን፣ ጽፌ፣ ከሥሩ ፈረስና ጋሪ ሥዬ፣ አንድ ቀስት ወደ ፊት አንድ ቀስት ወደ ኋላ አሰመርኩ። ቀስቶቹን በማስመሪያ ለክቼ እኩል ማድረጌ ኩራት አሳድሮብኝ ነበር። ልጁ እጁን አወጣና በአማርኛ ጠየቀ።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ዞሬ ሥዕሉን አየሁት። ልጁ እውነቱን ነው፤ እኔ የሣልኩት ጋሪ ንቅንቅ አይልም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት ስቀመጥ ይህን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅማ። «አላውቅም፣ ነገ ላስብበት» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ «በእንግሊዝኛ ጠይቅ» አልኩት።

ሞከረ። «ሆርስ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ደግሞ ጀመረ። ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። እዚያ ላይ ባበቃ ምንኛ ደግ ነበር! እኔ ሳቁ ሲያይል ጊዜ ድፍረት አገኘሁና፣ «ይልቅ ማታ ፈረስህን ጠይቀውና ነገ ንገረን» አልኩ። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ልጁም ፈገግ አለ፤ አሁን ድረስ ከዓይኔ የማይጠፋው እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ ስሙ «ፈረሱ» ሆነ። እጁንም ዳግመኛ አላወጣም።

የሚገርማችሁ፣ በዚያው ዓመት ማታ ማታ የመሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። አባቶችና እናቶች ከሥራ መልስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ የፈለጉትን በአማርኛ ይጠይቁኛል፣ እኔም ትሕትና በተሞላ ድምፅ እመልሳለሁ። አንዲት እናት «ሀ» ለምን ሦስት ዓይነት ሆነ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘውኝ ያውቃሉ። በፋኖስ ብርሃን ያን ያህል ደግ የነበርኩት ሰው በቀን ብርሃን ለአንድ ልጅ ቋንቋውን ከለከልኩት። ምክንያቱ እንግሊዝኛን መውደዴ አልነበረም፤ መደበቂያ ስለሆነኝ ነው።

ክረምት መጣ። ሐምሌ ላይ፣ የገበያ ቀን፣ ከወንዙ በኩል ልመለስ ጋሪ ስጠብቅ የደረሰልኝ እሱ ነበር። ወርዶ እጅ ነሳኝ፤ «ጋሼ፣ ይውጡ» ብሎ መቀመጫውን በእጅጌው ጠረገልኝ። አንዲት ገብስ የጫኑ እናት ቀድመውኝ ተሳፍረዋል። ዝም ብለን ሄድን። ዳገቱ መሐል ስንደርስ የፈረሱ ኮቴ ጭቃው ላይ ይንሸራተት ጀመር። ፈረሱ አንገቱን ሰብሮ ይታገላል፣ ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል፤ ጋሪው ግን እንኳን ሊወጣ ወደ ኋላ ይከዳል። እኔ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣ «በአለንጋው በለው እንጂ!» አልኩ።

አልመታውም። ዘሎ ወረደና ከጎማው ኋላ ድንጋይ ታኮ አደረገ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይውረዱልኝ» አለ፤ እናትዬዋንም ደግፎ አወረደ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ጠጠር በእፍኙ እየዘገነ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ይበትን ገባ። እየበተነም፣ ለእኔ ይሁን ለፈረሱ ባልታወቀ ድምፅ፣ «መሬቱ እምቢ ሲል ፈረሱ ምን ያድርግ?» አለ።

ያ ነው መልሱ። ዝናብ እየወረደብኝ፣ ጫማዬ ጭቃ ውጦት፣ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የገባኝ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ፈረሱን ወደ ፊት የሚያስኬደው መሬቱ ነው! ፈረሱ በኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም በሰበቃ፣ ማለትም ኮቴው እንዳይንሸራተት በሚይዘው ኃይል፣ አማካይነት ፈረሱን በዚያው ልክ ወደ ፊት ይገፋዋል። እኔ ሰሌዳ ላይ ፈረሱንና ጋሪውን ስሥል መሬት መሣል ረስቼ ነበር።

እስቲ በቁጥር ልየው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ፈረሱ 300 ኪሎ፣ ጋሪው ከነሰዎቹ 400 ኪሎ ይሁን። መሬቱ ፈረሱን በ900 ኒውተን ወደ ፊት ይግፋው። አንድ ኒውተን ማለት መዳፍ ላይ የተቀመጠ የ100 ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ነው። ጎማዎቹን የሚይዛቸው ኃይል 200 ቢሆን፣ ለሁለቱ በአንድነት 700 ኒውተን ይተርፋል፤ ይህ ለ700 ኪሎ ሲካፈል ፍጥነታቸው በየሰከንዱ በሰከንድ 1 ሜትር ይጨምራል። በመካከላቸው ያለው መሳሳብ ደግሞ 600 ነው፤ ወደ ፊትም 600፣ ወደ ኋላም 600። ነገር ግን አንዱ ያረፈው ጋሪው ላይ ነው፣ ሌላው ፈረሱ ላይ። ጋሪው 600 ተስቦ 200 ይያዛል፤ ፈረሱ 900 ተገፍቶ 600 ይያዛል። ሁለቱም ይተርፋቸዋል። በእኔ ደብተር ላይ ያለ ዕዳ በጎረቤቴ ደብተር ላይ ካለ ገቢ ጋር አይቀናነስም። ዳገቱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ከሆነ፣ ያንን 700 ኪሎ ቁልቁል የሚስብ ሌላ 700 ኒውተን ያህል ይጨመራል፤ ከ200ው ጋር 900። የሚተርፍ የለም። ጭቃ ደግሞ 900 አይሰጥም። እንድንወርድ የለመነን ለዚህ ነበር።

ገብቶኝ ምን አደረግሁ? ምንም። ላይ ስንደርስ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሄድኩ። «ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ መልሱንም አሁን አንተው ነገርከኝ» ለማለት አሥር ቃል አይፈጅም ነበር። ኩራቴ ከጭቃው የባሰ ያንሸራትት ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ስሙ መዝገቡ ላይ አልነበረም። በእኔ ምክንያት ነው ብል ራሴን ማተለቅ ይሆንብኛል፤ ድህነት ነው፣ አባቱ ታመው ነው፣ ሌላም ሌላም ተባለ። የማውቀው ግን በኅዳር አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ክፍሌ ገብቶ የፈረሱንና የጭቃውን ምሳሌ ሳስተምር መስማቱን ነው። «ግሩም ነው፣ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። «ከራሴ» አልኩት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያነበብኩት ደግሞ አለ። ኒውተን ራሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ሦስተኛውን ሕግ ሲያብራራ የጠቀሰው ፈረስ ነው፤ በገመድ የታሰረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስ። ፈረሱም በዚያው ልክ ወደ ድንጋዩ ይሳባል ይላል። የእኔ ተማሪ የቆመው እዚያ ገጽ ላይ ነበር።

እንግዲህ ምክር ካላችሁ፣ ጠንክራችሁ ተማሩ አልላችሁም፤ ይህን እናታችሁ በየማለዳው ትነግራችኋለች። የምለው ይህን ነው፦ ነገር ሲጠፋባችሁ ያልተሣለውን ፈልጉ። ደብረ ሲና ለመውረድ ከጣርማ በር የተነሳ አውቶቡስ ውስጥ በጉም ተቀምጬ አውቃለሁ። አሮጌው ሾፌር በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲወርድ ከኋላ ወጣቶች «ንዳው!» ይሉት ነበር። እሱ ዞር ሳይል፣ «ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው መንገዱ ነው» አላቸው። ፊዚክስ አልተማረም። በደረቅ አስፋልት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ80 ግን ወደ 35 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መንገዱ አራት እጥፍ ነው። ዛሬ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፤ የባጃጅ ነጂ ልጆች ዝናብ ላይ ሲታጠፉ ሳይ ግን ያ ሾፌር ትዝ ይለኛል።

ስለ እናንተ ትውልድ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። መልስ ሳይርባችሁ ትጎርሳላችሁ። የጎረቤቴም ልጅ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ስልኳን ጠይቃ ነበር፤ በሁለት ሰከንድ «ኃይሎቹ በተለያዩ አካላት ላይ ስለሚያርፉ ነው» ብሏታል። ትክክል ነው፤ ግን አልገባትም። እኔ ግን መልሱን ለማግኘት ከጭቃ ውስጥ መቆም ነበረብኝ ብዬ ልኩራራ ስል፣ ልጅቱ መልስ በእጇ ይዛ «አልገባኝም» ለማለት ደረጃ ወጥታ መምጣቷን አሰብኩ። በእኛ ጊዜ ይህን የሚያደርግ አልነበረም። አንድ ነበር፤ እሱንም ሳቅንበት።

ጫማዋን አስወልቄ በካልሲ የሳሎኑን ሴራሚክ አስረገጥኳትና ቁም ሳጥኑን ግፊ አልኳት። ገፋች፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ሳቀች። ምንጣፉ ላይ ቆማ ደግማ ስትገፋ ቁም ሳጥኑ ተንቀሳቀሰ። «ወለሉ ነው!» አለች። ስለ ልጁም ነገርኳት፤ ሳቁንም ሳልደብቅ።

ትንሽ ዝም ብላ፣ «ግን አባባ፣ ፈረሱ መሬትን ወደ ኋላ ከገፋት መሬትስ ወደ ኋላ ትሄዳለች ማለት ነው?» አለች።

ትሄዳለች፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን በቃሌ አልነበረኝም። «እናስላው» አልኳት፣ በአማርኛ። የመሬት ግዝፈት 6 እና ከኋላው 24 ዜሮ ያህል ኪሎ ግራም ነው፤ 900ውን ለዚያ አካፈልነው። በየሰከንዱ የምትጨምረው ፍጥነት፣ በሰከንድ በሜትር ሲቆጠር፣ ከነጥቡ በኋላ 21 ዜሮ ጽፈን 15 ሆነ። ዜሮ እንዳንዘል እየፈራች በእርሳሷ ጫፍ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር።