«ውብ» ስንቴ ይጻፋል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ጓደኛዬ ቱሪስት ያስጎበኛል፣ እኔ ደግሞ ፔጁ ላይ እጽፍለታለሁ፣ ግን ጽሁፌ ሁሌ አንድ አይነት ሆነብኝ። ይቺን እያት እስኪ፦ «ውቡና ማራኪው የፋሲል ቤተመንግሥት በውቧ ጎንደር እምብርት ላይ በሚያስደንቅ ግርማ ሞገስ ቆሞ ይታያል»። ምን ላድርጋት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሶስቴ አነበብኳት፣ ሶስቴም ምንም አልታየኝም፣ አይክፋህ። ፋሲልን አውጥተህ የጎረቤትህን አዲስ ጂ ፕላስ ቱ ብታስገባባት እኮ ዓረፍተ ነገሯ ምንም ሳትሆን ትሄዳለች! «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» የሚሉት አንተ ነገሩን እንደወደድከው ነው የሚነግሩኝ፣ ነገሩ ምን እንደሚመስል ግን ትንፍሽ አይሉም።

ነገ ጠዋት ሂድና ግድግዳው ስር ቁም፣ እጅህንም አስነካው። ድንጋዩ ሸካራ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ በኖራ የተያያዘ፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጠቆር ይላል። ቀና ስትል ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት አራት ማማዎች ድቡልቡል ናቸው፣ አናታቸው እንቁላል ነው የሚመስለው። እንግዲህ «አራት ድቡልቡል ማማ ያለው፣ በሸካራ ቡናማ ድንጋይ የተገነባው የአጼ ፋሲል ግንብ» ብለህ ጀምር። ይቺን ወስደህ ላሊበላ ላይ ብትለጥፋት አትይዝም፣ እሱ ከአለት የተፈለፈለ ነው፣ ማማ ከየት ያመጣል።

ደሞ አንዳንዴ ከቅጽል ቁጥር ይሻላል። የግቢውን አጥር «በጣም ረጅም» ከምትለው 900 ሜትር ነው በለው። «ዓለም ያደነቀው» ከምትል ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው በል። «ጥንታዊ»ንም ተዋትና 17ኛው ክፍለ ዘመን በል፣ እዚህ አገር ጥንታዊ ያልተባለ ነገር የለም፣ አምና የተከፈተው ክትፎ ቤት ሳይቀር።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴ ላይ «ቅጽል ጨምሪ» ብለው መለሱልኝ፣ ጨምሬ ስሰጣቸው ደሞ «በዛ» አሉ። የጻፍኩት «ረጅም ቀጭን ጠይም ቆንጆ ልጅ መጣ» ነው። ታዲያ የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ስሚ ልጄ። አራት ቅጽል ተሰልፎ ልጁ እስኪመጣ ድረስ እኔ ራሴ ደከመኝ። አማርኛ እኮ በዚህ በኩል ሀብታም ነው፣ ሸንቃጣ ካልሽው ቀጭን ነው ግን ወደሽዋል፣ ከሲታ ካልሽው አሳዝኖሻል፣ ቀጫጫ ካልሽው ንቀሽዋል። ቁመትም እንደዛው ነው፣ መለሎ ስትይ ቁመናው ያማረ ነው፣ ቀውላላ ስትይ ግን ቁመቱን ተሸክሞት የሚዞር ነው የሚመስለው። እኔ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው፣ ድሮ የአክስቴ ልጅ ስታገባ ግጥም አዘጋጅ ተባልኩና ቤት ይምታልኝ ብዬ ሙሽራውን «ቀውላላው» አልኩት፣ ቤቱስ መታ፣ የሙሽራው እናት ግን እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«በጣም»ንም እንዲሁ እየደረደርሽ አትልፊ። «ቀጠን ያለ» ስትይ ትንሽ ቀጭን ማለትሽ ነው፣ «ቅጥን ያለ» ስትይ ደሞ በጣም ቀጭን፣ ፊደሏን ብቻ ነው የነካሽው። ጨለማውን «በጣም ጨለማ» አትበይው፣ ድቅድቅ የሚል የራሱ ቃል አለው፣ ገደሉም ጭው ያለ ነው፣ ውሃውም ኩልል ያለ። አያትሽ ጋ አንድ ከሰዓት ቡና ብትጠጪ ከኔ የበለጠ ትሰበስቢያለሽ።

ወደ ልጁ ስንመለስ፣ ጠይም ትቆይ፣ ጥቁርም ቀይም ስላልሆነች የሚተካት የለም። ቆንጆን ግን አጥፊያት፣ መለሎ ውስጥ አለችልሽ። «ጠይም መለሎ ልጅ መጣ።» በቃ።

ጥያቄ፦ ከደምቢያ ቅቤ እያስመጣሁ እሸጣለሁ። ልጄ ቴሌግራም ከፈተችልኝና «ምርጥና ጥራት ያለው ንጹህ ቅቤ» ብለን ጻፍን፣ ሰው አይቶ ያልፋል እንጂ አይጠይቅም።

መልስ፦ እናቴ፣ አንቱ ገበያ ላይ ቁጭ ሲሉ «ጥራት ያለው» ብለው ያውቃሉ? «ለጋ ነው፣ ቅመሺው» ነው የሚሉት። ታዲያ ስልክ ላይ ሲሆን ለምን ዜና አንባቢ ይሆናሉ? ቅቤ ድሮውኑ ቅጽሉን ይዞ ነው የተፈጠረው፣ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። ለጋውን ለፀጉሯ የምትፈልግ አለች፣ በሳሉን ለወጥ የምትመርጥ አለች፣ «ምርጥ» ሲሏት ግን የትኛዋም ለሷ እንደሆነ አታውቅም። ጤፍ ነጋዴውን ይዩት፣ ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ይላል፣ ገዢው በአንድ ቃል ይገባዋል። «ንጹህ» የምትለዋም ብቻዋን አትበቃም፣ ሰው አሁን ቅቤ ሲያይ የሚፈራው ሙዙን ስለሆነ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ብለው ቁርጡን ይጻፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትለዋን ደሞ ልጅዎ ታጥፋት፣ እኔ ራሴ ሁለት ኪሎ ልገዛ ገብቼ እሷን ሳይ ነው የወጣሁት።