የእጅ ሥራ ጥያቄዎቻችሁ፦ የሚዛባ ጉንጉንና የሚፈታ ቁጭት

ጥያቄ፦ በእረፍት ወራት ለልጆች የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። በክብ ካርቶን ላይ በ8 ክር የሚጎነጎነውን የጃፓኖች ኩሚሂሞ ጀምረናል። ገመዱ ግማሽ ሲደርስ መስመሩ ይዛባል፤ የት እንደተሳሳቱ ግን አናውቅም። (የእጅ ሥራ አስተማሪ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የምትሠሩት ኮንጎ ጉሚ የሚባለውን ክብ ገመድ ይመስላል። ካርቶኑ ዳር ዳሩን 32 ስንጥቅ አለው፤ በአራቱ አቅጣጫ ሁለት ሁለት ክር ይገባል። ከላይኛው ጥንድ የቀኙ ክር ይወርድና ከታችኛው ጥንድ በስተቀኝ ይገባል። ከታችኛው ጥንድ የግራው ይወጣና ከላይኛው በስተግራ ይገባል። ከዚያ ካርቶኑን ሩብ ዙር ማዞርና ያንኑ መድገም ነው።

ስህተቱን ቀለም እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ላይና ታች ያሉት ጥንዶች ቀይ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቢጫ ይሁኑ። በዚህ አሠራር ቀይ ቦታ የሚለዋወጠው ከቀይ ጋር፣ ቢጫም ከቢጫ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጥንድ ውስጥ ቀይና ቢጫ ጎን ለጎን ከታዩ አንድ ክር ያለቦታው ገብቷል። ቀዩ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ልጁ ማዞር ረስቷል።

ብዙ ልጆች ካርቶኑን ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ የምናዞረው እያሉ ይጨነቃሉ። ለውጥ አያመጣም፤ የላዩና የታቹ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ስለሆነ ከየትኛውም ወገን ቢመጡ ያው ነው። ጥንዶቹ ከጀመሩበት ስንጥቅ ቀስ በቀስ እየራቁ መሄዳቸውም የአሠራሩ ጠባይ ነው። መስመሩን የሚገለብጠው በቀኝ የሚወርደውን በግራ ማውረድ ነው።

አብዛኛው መዛባት የሚመጣው ከእረፍት በኋላ ነው። ልጆቹ ሥራ ሲያቆሙ ላይ አንድ፣ ታች ሦስት ክር እንዳለ ያቁሙ። ሲመለሱ ከታች ካሉት የግራውን ወደ ላይ መውሰድ እንዳለባቸው ካርቶኑ ራሱ ይነግራቸዋል። የተሳሳተውን ለመፍታት ክሩን አይጎትቱ፤ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ክሩን ምን ያህል ልቁረጥ? ገመዱስ አንዳንድ ቦታ እየላላ ለምን ይጎረብጣል?

መልስ፦ የሚፈልጉትን ርዝመት በ3 ያባዙ። 30 ሳንቲ ሜትር ገመድ ለማግኘት እያንዳንዱ ክር 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 180 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 2 ቀይና 2 ቢጫ ክሮች ቆርጠው መሐላቸው ላይ አንድ ላይ ቢቋጥሯቸው 8 ጫፍ ያገኛሉ። ቋጠሮውን በካርቶኑ ቀዳዳ ያውርዱት፤ ጫፎቹንም በትንንሽ ካርቶን ጠቅልለው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይተዉ፤ አለዚያ እርስ በርስ ይተበተባሉ።

የሚጎረብጠው ውጥረቱ እኩል ስላልሆነ ነው። ስንጥቁ የላላ ካርቶን ክር አይዝም፤ ቶሎ ይቀይሩት። ሁለት ካርቶን የውስጥ መስመራቸውን አቆላልፈው ቢያጣብቁ ይጠነክራል። ከቋጠሮው ሥር ትንሽ ከረጢት ሳንቲም ያንጠልጥሉ፤ ክሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ከቀዳዳው መሐል እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጃፓኖች ማሩዳይ በሚሉት የእንጨት መቆሚያ ሲሠሩ ይህን ሚዛን የሚመርጡት ክሮቹን ከወጠሩት ታማ ከሚባሉ ክብደቶች ጋር እያመዛዘኑ ነው፤ የመሐሉ ሲከብድ ገመዱ ይለሰልሳል፣ ሲቀል ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የቋጨሁት ነጠላ ገና ሳይታጠብ ይፈታል።

መልስ፦ ሁለቱን ዘለላ ክር እና ኋላ የተጣመሩትን ወደ አንድ አቅጣጫ እያከረሩ ይሆናል። ሁለቱን ለየብቻ ወደ ቀኝ ካከረሩ፣ አንድ ላይ ሲያደርጓቸው ወደ ግራ ያክርሯቸው። እያንዳንዱ ወደ ኋላ ልፈታ ሲል ሌላውን ስለሚያጠብቅ ቁጭቱ ይጸናል። የመጀመሪያው ማክረር በደንብ ይጥበቅ፤ ዘለላው ሲለቁት ራሱ ላይ መጠቅለል አለበት። ውፍረታቸው እኩል ይሁን፤ አንዱ ከቀጠነ ወፍራሙን ይዞርበታል እንጂ አይጣመሩም። ጫፉን ሳይቋጥሩ ግን እጅዎን አይልቀቁ።