የተከልነው ችግኝ ሁሉ ካርበን ተብሎ ይቆጠራል ወይ?

እህቴ፣ «አውሮፓውያን የደናቸውን ካርበን በሕግ ይቆጥራሉ፤ እኛ በየክረምቱ የምንተክለው ለምን እንዲሁ አይቆጠርልንም?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደን ልኬት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን አራት ኪሎ ቢሮ ሆኜ ከመስክ የሚመጣ ቁጥር አጣራለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

የአውሮፓ ሕብረት ሕግ በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። እሱ የሚቆጥረው የተተከለውን ሳይሆን የተጣራውን ነው። ዛፍ ከአየር የሳበው ካርበን በአንድ ወገን፣ በቆረጣና በእሳት የወጣው በሌላ ወገን ይጻፋል። በ2023 ሲሻሻል ለ2030 የተቀመጠው ግብ በተጣራ ሂሳብ 310 ሚሊዮን ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ አቻ መሳብ ነው። ቀላል አይደለም። ቼክ ሪፐብሊክን ድርቅና ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ መታትና ደኗ ካርበን መሳቡ ቀርቶ ለቃቂ ሆነ።

የተቆረጠ እንጨትም የራሱ ሂሳብ አለው። ሳንቃ ከሆነ ካርበኑ በግማሽ እስኪቀንስ 35 ዓመት ይታሰብለታል፤ ወረቀት 2 ዓመት ብቻ። ማገዶ ግን ወዲያው ወጪ ነው። ፒያሳ ግንባታ ላይ የቆመውን የባህር ዛፍ አጣና አስቢው። ሥራው ሲያልቅ ብዙው ምድጃ ውስጥ ይገባል። 1 ቶን ደረቅ እንጨት ሲነድ ወደ 1.7 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።

ልኬቱም ቀላል እንዳይመስልሽ። የግንዱ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው። እኛ በዚያ ልክ የተቆረጠ ዱላ ይዘን እንዞር ነበር። ተዳፋት ላይ ዱላውን ከላይኛው በኩል ነው የምታቆሚው። አንድ ጊዜ ከቡድናችን አንዱ ከታችኛው በኩል እያቆመ ለካ። ግንድ ወደ ሥሩ ስለሚወፍር ቁጥሩ አበጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ተመልሰን ያንኑ ዛፍ ሁሉ እንደገና ለካን። ያ ቁጥር ሳይታረም ቢያልፍ ኖሮ የሌለ ካርበን እናስመዘግብ ነበር።

እኛም አገር ደን የሚባለው ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ሽፋን ሲኖረው ነው። አስፋልት መሐል የተተከለች አንዲት ዛፍ ጥላዋ ደስ ይላል፤ ደን ግን አይደለችም።

ወላይታ ሁምቦን ደግሞ እዪ። 2,728 ሄክታር መሬት ላይ በብዛት የበቀለው አዲስ ችግኝ አይደለም፤ ሕዝቡ ከልሎ ሲጠብቀው ከአሮጌ ጉቶ ያቆጠቆጠ ዛፍ ነው። ዛፉ ከሳበው ካርበንም ከፊሉን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዛ። ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው፤ ሰዉ የተሸለመው ስለጠበቀ ነው።

እናንተም እንዲቆጠርላችሁ ከፈለጋችሁ ከዘንድሮው ክረምት ጀምሩ። የቦታውን ወሰን በጂፒኤስ ያዙ፣ ከተከላ በፊት ምን እንደነበረበት በፎቶ አስቀሩ፣ በየዓመቱ ደግሞ የጸደቀውን ቁጠሩ። ይህን ሁሉ የምትመዘግቡበት መንገድ ከከበዳችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።