ግራንድ ካይማን ላይ ስቲንግሬይን ያለ ግርግር ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ይህ ከማያሚ፣ ከፎርት ሎደርዴል ወይም ከጋልቨስተን በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) ተነስተው የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ግራንድ ካይማን ለሚወርዱ ነው። ስቲንግሬይ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ትኬታችሁ ላይ 9:00 የሚለው እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ መርከባችን ጠዋት 1 ሰዓት ደርሶ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ስቲንግሬዮቹ የሚታዩበት ሳንድባር (ጥልቀት የሌለው የባሕር አሸዋ) ላይ ሰው በሰው ላይ ነው ይባላል። የትኛውን ጉዞ ብይዝ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከድርጅቱ በፊት ሰዓቱን ምረጥ። ግርግሩን የሚፈጥረው መርከቦቹ ተቀራርበው ደርሰው ሰው ማራገፋቸው ነው። ግራንድ ካይማን ክሩዝ ተጠግቶ የሚቆምበት ወደብ የለውም። መርከቡ ጆርጅታውን ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥላል፣ ሰው በቴንደር (ከመርከብ ወደ ምድር በሚያመላልስ ትንሽ ጀልባ) ይወርዳል፣ በአውቶቡስ ሳንድባሩ ወዳለበት ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ ኖርዝ ሳውንድ ይወሰዳል፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ጀልባ ይሳፈራል። ይህ ሁሉ አልፎ ብዙው ሰው አሸዋው ላይ የሚደርሰው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጭንቅንቁም እስከ ቀትር ይዘልቃል። ስለዚህ ጆርጅታውን ላይ 2 ሰዓት ገደማ የሚነሳ ጉዞ ያዝ። ግማሽ ሰዓት ብትቀድም እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

የከሰዓት በኋላው አማራጭ ለአንተ አይመችም። መርከብህ 10 ሰዓት ላይ ከተነሳ የመጨረሻው ቴንደር ከዚያ ቀደም ብሎ ያበቃል፤ 6 ሰዓት ላይ የሚጀምር ጉዞ ሲመልስህ ሰዓትህ ተሟጧል። መርከቧ 4 ሰዓት ደርሳ ማታ 12 ሰዓት የምትነሳ ብትሆን ግን ምክሬ ይገለበጣል፦ የጠዋቶቹ መርከቦች ሰው ሰብስበው ሲመለሱ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ሂድ።

ጥያቄ፦ 2 ሰዓት ላይ ለመድረስ የመጀመሪያውን ቴንደር እንዴት አገኛለሁ?

መልስ፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዞውን ከመርከቡ ለገዙት፣ ቀጥሎም ለስዊት (ለውድ ክፍል) ተሳፋሪዎችና ለነባር ደንበኞች ነው። የቀረነው የቴንደር ቁጥር መያዝ አለብን። ቁጥሩ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚታደል (አንዳንዱ በስልክ መተግበሪያ ነው) ከዋዜማው ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ካልቀረበ ቁጥር አይሰጥም፤ አንዱ ቁርስ ቤት ተሰልፎ ሌላው ካቢን ውስጥ ጫማ ሲፈልግ ነው ሰው የሚዘገየው። ቁርስ ወደ ክፍልህ እንዲመጣ እዘዝ፣ የዋና ልብስህን ከታች ለብሰህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ከመርከቡ ልግዛ ወይስ በግሌ?

መልስ፦ ከመርከቡ የተገዛ ጉዞ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ብዙ ሰው በአንድ ትልቅ ካታማራን (መንታ ቀፎ ጀልባ) መጫኑ ነው፤ መሰላሉ ላይ ለመውረድና ለመውጣት ብቻ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። በግል የሚያዙት ጀልባዎች ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰው የሚይዙ አሉ። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርቶ ጀልባውን ብቻ መከራየት ደግሞ ሰዓቱን ራሳችሁ እንድትወስኑ ያስችላል፣ እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። በግል ስትይዝ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይኑርህ፦ መርከቡ ሳይቆም ቢያልፍ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ እና ጆርጅታውን የሚመልሱህ ከመጨረሻው ቴንደር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መሆኑ።

ጥያቄ፦ የቀጠሮው ሰዓት በመርከቡ ነው በደሴቱ?

መልስ፦ በግል የያዝሽው በደሴቱ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካይማን ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀያይርም (እዚህ ክረምት የምለው እንደ አሜሪካ ብርዱን ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ያለውን ነው፤ በጋ ደግሞ ሙቀቱን)። በክረምት ከማያሚ ጋር እኩል ናት፣ በበጋ ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቆየ፣ በሐምሌ ወር የደሴቱ 2 ሰዓት በመርከቡ 3 ሰዓት ነው። ጠዋት ላይ ብትሳሳቺ ቀድመሽ ደርሰሽ ትቆሚያለሽ፣ ምንም አይደለም። ሲመለሱ ነው መዘዙ፦ ስልክሽ ራሱን ወደ ደሴቱ ሰዓት ቀይሮ 9 ሰዓት ሲልሽ መርከቡ ላይ 10 ሆኗል። ከጋልቨስተን ለሚመጡ ደግሞ በበጋ እኩል ነው፤ በክረምት ካይማን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ለእነሱ የሚያመልጠው የጠዋቱ ጉዞ ነው። የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልተሽ አትንኪው።

ጥያቄ፦ በዚያ ቀን ስንት መርከብ እንዳለ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ የካይማን የወደብ ባለሥልጣን የመርከቦቹን መርሐ ግብር አስቀድሞ ያወጣል። ከመርከቦቹ ቁጥር ይልቅ የተሳፋሪውን ድምርና የመድረሻ ሰዓታቸውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሳምንቱ መሐል ይበዛበታል። አንድ መርከብ ብቻ ካለ አትጨነቁ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ደርሰን ቢሆንስ፣ ሰውም ሞልቶ ከሆነ?

መልስ፦ ሰው የሚከበው ምግብ የያዘውን የጀልባ ሠራተኛ ነው። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ የተቦካው አሸዋ የሚጓዝበትን መከተል ይበቃል። ለምግብ የሚሰጣቸው የስኩዊድ (ለስላሳ የባሕር እንስሳ) ሽታም በዚያው አቅጣጫ ስለሚሄድ ስቲንግሬዮቹ ሽታውን ተከትለው ከዚያ በኩል ይመጣሉ። ጥርት ባለ ውኃ ፎቶ ለማንሳት ግን በተቃራኒው፣ ውኃው ከሚመጣበት በኩል፣ ከሰዉ 15 እና 20 እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ዝም ብላችሁ ስትቆሙ ራሳቸው ይመጣሉ፤ የክንፋቸው ጠርዝ ቅልጥማችሁን ሲነካ ለስላሳና የሚያሟልጭ ነው። ሴቶቹ ትልልቆች ናቸው፣ ወርዳቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ወንዶቹ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ሰው ከጮኸና ከተራወጠ ግን አሸዋው ይነሳና ማንም ምንም አያይም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዋና አይችሉም። ይገባሉ?

መልስ፦ ይገባሉ። ሳንድባሩ አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአዋቂ ወገብ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። የሕይወት አድን ጃኬት ያድርጉላቸው። የሚያስቸግረው መሰላሉ ነው፤ ጀልባው ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ሠራተኛው ከታች ቆሞ እጃቸውን እንዲይዝ ይጠይቁ፣ ሰው ከወረደ በኋላም መጨረሻ ላይ ይውረዱ። ረጅም እጅጌና ሱሪ ያለው የዋና ልብስ ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ከፀሐይ ክሬም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ይናደፋሉ? የሞተ ሰውም እንዳለ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የቴሌቪዥን የዱር እንስሳት አቅራቢው ስቲቭ ኧርዊን ደረቱን ተወግቶ ሞቷል፤ ያ በጣም የማይዘወተር አደጋ ነው። እሾሁ ጅራቱ ላይ ነው፤ የሚወጉት ሲረገጡ ወይም መውጫ ሲያጡ ነው። ስለዚህ እግርህን አታንሳ፣ አሸዋውን እየጎተትክ ሂድ፤ የተቀበረው ንዝረቱ ሲሰማው ይሸሻል። ጅራት አትያዝ፣ ወደ ላይም አታንሳቸው፤ ከውኃ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ጫማም አውልቅ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ እዚያ አይፈቀድም። ስትመግብ አውራ ጣትህን ውስጥ አድርገህ ጨብጥ፣ ስኩዊዱ ከጭብጥህ በላይ ይውጣ። ዓይናቸው ከላይ አፋቸው ከታች ስለሆነ የሚበሉትን አያዩትም፤ ጣት ከገባ ጣቱንም ይስባሉ።

እግር ወይም እጅ ከተወጋ፦ ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ይቀንሳል፤ ከዚያ ሐኪም ይየው። ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ የተሰካ እሾህ አይነቀልም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ከተሰጣቸው በእውነት የዱር ናቸው?

መልስ፦ አጥር የለም፣ እንደፈለጉ ይሄዳሉ። የለመዱት ዓሣ አጥማጆች ሪፉ (የኮራሉ ግድብ) ውስጥ ጸጥ ባለው ውኃ ዓሣ እያጸዱ የሚጥሉትን ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጠላቂዎች በእጅ መመገብ ጀመሩ። ግን ተለውጠዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የሚመገቡት በቀን ነቅተው በሌሊት እንደሚያርፉ አሳይቷል፤ ያልተመገቡት ዘመዶቻቸው ተቃራኒ ናቸው። ያልተነካ ባሕርይ የሚፈልግ ሰው ሪፍ ላይ ስኖርክል አድርጎ (በመተንፈሻ ቱቦ እየዋኘ) አሸዋ ውስጥ የተቀበረ አንድ ቢያገኝ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ነፋስ ቢነሳስ?

መልስ፦ ክረምት (ብርዱ ወቅት) ላይ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ጆርጅታውንን ሲያናውጥ ቴንደሮቹ በደቡብ ዳርቻ ወዳለው ስፖትስ ይዛወራሉ። የግል ጉዞ ከያዛችሁ የመገናኛ ቦታችሁ ጆርጅታውን ስለሆነ፣ ይህ ሲሆን ማን እንደሚወስዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ግን በዚያ ቀን ሳንድባሩም ይናወጣል፣ ጉዞው ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ የመጥለቅ ፈቃድ አለኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ሳንድባሩን ተወው። የመጀመሪያው ስቲንግሬይ ሲቲ (የጠላቂዎቹ ቦታ) እዚያው ኖርዝ ሳውንድ ውስጥ፣ 4 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። አሸዋው ላይ ተንበርክከህ ትጠብቃለህ፤ ቆሞ የሚራመድ ሰው እዚያ የለም።