«ነጻ ነው» የተባለው ቀጠሮ ሂሳብ ሲያስከትል

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ72 ዓመት እናቴን በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሜዲኬር፣ የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ አላት፤ ቀጠሮ ስይዝ ምርመራው ነጻ እንደሆነ ነግረውኛል። አሁን 186 ዶላር ክፈሉ የሚል ሂሳብ መጣ። ክሊኒኩን መክሰስ እችላለሁ? ወይስ ከፍዬ ልገላገል?

መልስ፦ ለመክሰስ አይቸኩሉ፤ ለመክፈልም እንዲሁ። ደብዳቤዎ አጭር ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ከጻፉት ይልቅ የዘለሉት ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ ምን ተነጋገራችሁ? ያስተረጎመው ማን ነው? እናትዎ ከሜዲኬር ሌላ ካርድ አላቸው? ሦስቱንም ሳይነግሩኝ ስለ ክስ ጠየቁኝ።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። ሜዲኬር በ1965 ሲቋቋም የተለመደውን አጠቃላይ የአካል ምርመራ፣ እኛ «ቼክአፕ» የምንለውን፣ ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ከ2011 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው አንዩዋል ዌልነስ ቪዚት የሚባለው ነው። ፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ከጀመረላቸው 12 ወር ያለፋቸው አረጋውያን በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ ያገኙታል። በዚህ ቀጠሮ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፣ የመድኃኒቶች ዝርዝር ይታያል፣ የማስታወስ ችሎታና የመውደቅ ስጋት ይጠየቃል፣ ወደፊት የሚያስፈልጉ ምርመራዎች መርሐ ግብር ይወጣል። ሐኪሙ ሜዲኬር የሚተምነውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ታካሚው ምንም አይከፍልም።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚወድቁበት «ከመጣን አይቀር» በሚለው ነው። ሐኪሙ መጠይቁን ጨርሶ ሊነሳ ሲል ልጅ ጣልቃ ይገባል፦ «ከመጣን አይቀር ጉልበቷንም እይልኝ፤ ሌሊት ሌሊት ያማታል»። ሐኪሙ ጉልበቱን ይመረምራል፣ ራጅ ያዝዛል፣ ምናልባትም መድኃኒት ይቀይራል። በዚያች ቅጽበት ከነጻው ቀጠሮ ጎን ሁለተኛ፣ የሕመም ቀጠሮ ተፈጠረ ማለት ነው። ሐኪሙ ለሁለቱም በአንድ ቀን ሂሳብ ማቅረብ ይፈቀድለታል። የሕመሙ ክፍል ደግሞ ነጻ አይደለም፤ በፓርት ቢ ሕግ መሠረት ታካሚው ሜዲኬር ከተመነው ዋጋ 20 በመቶውን ይከፍላል።

ለምን 20 በመቶ ብቻ አልሆነም ይሉኝ ይሆናል። መልሱ «በጃንዋሪ መጀመሪያ» ያሉት ላይ ያለ ይመስለኛል። ሜዲኬር 80 በመቶውን መክፈል የሚጀምረው ታካሚው የዓመቱን ዲዳክቲብል፣ ማለትም በቅድሚያ ራሱ መክፈል ያለበትን መጠን፣ ከኪሱ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ መጠኑ በ2025 257 ዶላር ነበር፣ በ2026 283 ሆኗል። በጃንዋሪ የሄደ ሰው ገና አንድም ዶላር ስላልከፈለ የሕመሙ ቀጠሮ ሙሉ ዋጋ በእሱ ላይ ይወድቃል። ወረቀቱን ሳላይ ይህ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ግምቴ ልክ ከሆነ ክሊኒኩ ሕግ አልጣሰም፤ የሚከሰስበትም የለም። ሆኖም ይህን አንብበው በሚቀጥለው ዓመት እናትዎን «ጉልበትሽን እንዳታነሺ» እንዳይሉብኝ። እናቶቻችን ክፍያ እንዳለ ከሰሙ ሕመማቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። ቀጠሮ ሲይዙ «ዓመታዊ የሜዲኬር ዌልነስ ቪዚት ነው የምፈልገው» ብለው ይናገሩ፤ «ፊዚካል»፣ ማለትም አጠቃላይ ቼክአፕ፣ አይበሉ። ሕመም ካለ ደግሞ ለዚያ ምን ያህል እንደሚከፈል አስቀድመው ይጠይቁ።

ያስተረጎሙት እርስዎ እንደሆኑ እጠረጥራለሁ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዘመድ ይዛችሁ ኑ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ልጅ ሲያስተረጉም የእናቱን ቃልና የራሱን ስጋት ይቀላቅላል፤ የጉልበቱን ነገር ማን እንዳነሳው በኋላ ለማጣራት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ከሁሉም ይበልጣል። የእናትዎ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ በሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ በኩል ኪው.ኤም.ቢ በሚባለው ፕሮግራም ታቅፈው ሊሆን ይችላል። ከታቀፉ፣ ሜዲኬር ለሚሸፍነው አገልግሎት ዲዳክቲብሉንም ሆነ 20 በመቶውን ከእሳቸው መጠየቅ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከፍለው ከሆነም ተመላሽ ይጠየቃል። «ከፍዬ ልገላገል» ያሉትን ያስቆምኩት ለዚህ ነው። ካርዳቸው የሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል የመድን ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር፣ ከሆነ ደግሞ ደንቡ እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ብዙዎቹ ሙሉ ምርመራም ይሸፍናሉ። እንዲያ ከሆነ የእስካሁኑ ስሌቴ አይሠራም።

ስለዚህ ወረቀት ይሰብስቡ። ከክሊኒኩ በኮድ የተዘረዘረ ሂሳብ ይጠይቁ። ጂ0438 ወይም ጂ0439 ነጻው ቀጠሮ ነው፤ 99213 ወይም 99214 ካዩ የሕመም ቀጠሮ ተጨምሯል፤ 99397 ከሆነ ሜዲኬር የማይሸፍነው አጠቃላይ ምርመራ ተሠርቷል። ከዚያ ሜዲኬር ራሱ ከሚልከው የአገልግሎት መግለጫ ጋር ያስተያዩ። መግለጫው ክፍያ ተከልክሏል የሚል ከሆነ ይግባኝ ለማለት ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 120 ቀን አላችሁ። ባለመብቷ እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ እንዲወክሏቸው ሲ.ኤም.ኤስ 1696 የተባለውን ቅጽ መፈረም አለባቸው። ስሕተት ካገኙ ሂሳብ ክፍሉን በጽሑፍ እንደገና እንዲያየው ይጠይቁ። ነገር ግን ያልሆነውን ኮድ ጻፉልን ብሎ መለመን ማጭበርበር ነው፤ አደራ። በየክፍለ ግዛቱ ሺፕ የሚባል ነጻ የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ፤ በመጀመሪያ እዚያ ይሂዱ፤ ነገሩ ካልተፈታ ወረቀቶቹን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ ነገር ቀረ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተሰጠዎትን ቅጽ በማን ስም ፈረሙ? ለክፍያው ኃላፊ በሚለው መስመር ላይ የራስዎን ስም ጽፈው ከሆነ ክሊኒኩ ዕዳውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገሩ ከእናትዎ ሜዲኬር አልፎ የእርስዎ ውል ሆነ ማለት ነው። ሂሳብ ክፍሉን ከማነጋገርዎ በፊት የዚያን ቅጽ ቅጂ ያስወጡ።