ኤምኢኤ ላይ ሰልፎሌን ልጨምር?

ጥያቄ፦ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ናፍጣ አቃጥለን ከጭሱ በሰዓት 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 በመቶ ኤምኢኤ (ሞኖኢታኖላሚን የሚባል ኬሚካል በውሃ ተበጥብጦ) እንይዛለን። ፈሳሹን አሙቆ ጋዙን የሚያስለቅቀው ሪቦይለር በሰዓት 600 ኪሎ ስቲም ይበላል። ኬሚካላዊና ፊዚካላዊ ሶልቬንት (ጋዝ የሚይዝ ፈሳሽ) ሲደባለቅ ሙቀት ይቆጥባል ሲባል ስለሰማሁ ከውሃው ከፊሉን በፊዚካላዊው ሶልቬንት በሰልፎሌን ልተካ አስቤያለሁ። ሙቀት የሚያሸጋግረው ሂት ኤክስቼንጀር ላይ ሊን (ጋዙን የለቀቀው ትኩስ ሶልቬንት) ሲገባ 116፣ ሪች (ጋዝ የያዘው) ሲወጣ 84 ዲግሪ አነባለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሰልፎሌኑን ይተዉት። ስቲምዎ የሚባክነው መጨረሻ ላይ በጻፏቸው ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። የ32 ዲግሪ ልዩነት ለፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር በጣም ብዙ ነው፤ ከ10 እስከ 15 መሆን ነበረበት።

ድብልቁ ለምን እንደማይጠቅምዎ ልንገርዎ። ሰልፎሌን ጋዙን የሚይዘው በማሟሟት ብቻ ነው፣ ልክ ጋዙ በለስላሳው ጠርሙስ ውስጥ እንደሚቀመጠው። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የሚሟሟውም እጥፍ ይሆናል፤ ክዳኑ ሲከፈት ይወጣል። ኤምኢኤ ግን ከጋዙ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ስለሚፈጥር በትንሽ ግፊትም አጥብቆ ይይዛል። የናፍጣ ጭስ 12 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ በባሕር ወለል የጋዙ ድርሻ 0.12 ባር ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከሆኑ የከባቢው አየር ራሱ 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ከ0.1 ባር በታች ይወርዳል። በዚህ ግፊት፣ በ40 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ሰልፎሌን ቢበዛ 0.02 ሞል አካባቢ ይይዛል። የእርስዎ ኤምኢኤ በእያንዳንዱ ዙር በሊትር 0.8 ሞል ገደማ ያነሣል። ውሃውን በሙሉ ቢተኩት እንኳ የሚጨመርልዎ ከቁጥር አይገባም።

የሰሙት ነገር ውሸት አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። ሸል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰልፊኖል አሚን (የኤምኢኤ ዓይነት ኬሚካል)፣ ሰልፎሌንና ውሃ የተደባለቀበት ሲሆን የተፈጥሮ ጋዝ በአሥሮች በሚቆጠር ባር ግፊት ይታጠብበታል። እዚያ አሚኑ ሲጠግብ ሰልፎሌኑ መያዙን ይቀጥላል፤ ከዚያ ግፊቱ ሲለቀቅ ከያዘው ብዙው ያለ ስቲም ይወጣል። እርስዎ ጋ የሚለቀቅ ግፊት የለም።

አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፦ በኪሎ ሲታሰብ ሰልፎሌንን ለማሞቅ ውሃን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከግማሽ በታች ይበቃል። ግን ይወፍራል፣ በኤክስቼንጀሩ ውስጥ ሙቀት ማስተላለፉም ይቀንሳል። ንጹሑ በ27 ዲግሪ ግድም ስለሚረጋ ቀዝቃዛ መጋዘን ያለ በርሜል ጠጥሮ ያገኙታል። ለእርስዎ ሥራ ከሁሉ የሚከፋው ግን አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን መውደዱ ነው። በርነሩ በደንብ ሳያቃጥል የቀረውን ሰብስቦ ስትሪፐር (ጋዙ በሙቀት የሚለቀቅበት ማማ) ውስጥ ከጋዙ ጋር ይለቀዋል። ያ ጋዝ የሚገባው ደግሞ ሰው የሚጠጣው ጠርሙስ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ስቲሙ። በ20 በመቶ ኤምኢኤ 200 ኪሎ ለመያዝ በሰዓት 5.5 ሜትር ኩብ ሶልቬንት ቢዞር ይበቃል። ኤክስቼንጀሩ ሳይመልሰው የቀረ እያንዳንዱ ዲግሪ በሰዓት 21 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ ይህም ወደ 10 ኪሎ ስቲም። ከ12 ዲግሪ በላይ ያለብዎት ትርፍ 20 ስለሆነ በሰዓት 200 ኪሎ ይሆናል። ደህና የሚሠራ እንዲህ ያለ ማሽን ለአንድ ኪሎ ጋዝ 2 ኪሎ ገደማ ስቲም ይፈልጋል፣ ማለትም 400፤ እርስዎ 600 ያወጣሉ። ልዩነቱ እዚያው ነው ያለው። በናፍጣ ሲመነዘር በሰዓት 16 ሊትር ገደማ ይሆናል።

ኤክስቼንጀሩን ከመንካትዎ በፊት ቴርሞሜትሮቹን ቦታ አቀያይረው ያንብቡ፤ የተበላሸ ቴርሞሜትር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀጥሎ የፓምፑን ፍሰት ይለኩ። ከ5.5 በጣም የሚበልጥ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ይቀንሱት፣ ከአብዞርበሩ (ሶልቬንቱ ጋዙን ከጭሱ የሚይዝበት ማማ) ጫፍ የሚያመልጠውን ጋዝ እያዩ።

የሶልቬንቱንም ጥንካሬ ያረጋግጡ። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ወስደው ሜቲል ኦሬንጅ ጠብ ያድርጉበትና በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቀይ እስኪዞር ይቲትሩ (አሲዱን በጠብታ እየጨመሩ ይለኩ)። ያለቀውን ሚሊ ሊትር በ0.61 ያባዙት፤ 33 ሚሊ ሊትር ከሆነ 20 በመቶ ነው። 24 ብቻ ከሆነ 15 በመቶ ላይ ወርደዋል፤ ፍሰቱን ከፍ ማድረግ ያስፈለገውም ለዚህ ይሆናል። ኤምኢኤ ሲጨምሩ ግን ከ20 አያልፉ። የካርቦን ስቲል ቧንቧ ካለዎት 30 በመቶ ያለ ዝገት መከላከያ ይበላዋል።

ኤክስቼንጀሩን ለማጽዳት ሶልቬንቱን አውጥተው በሙቅ ውሃ በተቃራኒው አቅጣጫ ያጥቡት። ከዚያ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አዙረው ጥላሸቱንና ቅባቱን ያንሱ፣ በውሃ ያለቅልቁ፤ ቀጥለው 4 በመቶ ሲትሪክ አሲድ በተመሳሳይ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ያዙሩ። የብረት ዝገቱን የሚያነሳው ይኼኛው ነው። ውሃው ፒኤች 7 እስኪሆን ያለቅልቁ። ለጽዳቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፍጹም አይጠቀሙ፣ ክሎራይዱ የስቴንለሱን ፕሌት በነጠብጣብ ይበሳዋል። ጓንትና መነጽር ሳይለብሱ እንዳይጀምሩ።

ልዩነቱ ከጽዳቱ በኋላ ወደ 12 ወርዶ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ከሰፋ ምንጩ ኤክስቼንጀሩ አይደለም፤ ከፊቱ ያለውን ይመልከቱ። የበርነሩ ኖዝል ጥላሸት እያመጣ እንደሆነ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚያጥበው የሶዳ አሽ ስክራበር ፒኤች ወድቆ እንደሆነ፣ የ10 ማይክሮን ፊልተሩ ተዘግቶ ባይፓሱ (ፊልተሩን የሚዘልለው መስመር) ተከፍቶ እንደቀረ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመጨረሻው ነው።