ከአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ሌላ ፎቶግራፍ ማውጣት

ጥያቄ፦ ለተወሰኑ ዓመታት ፎቶግራፍ ሳነሣ ቆይቻለሁ። በቅርቡ ረቂቅ ወይም አብስትራክት የሚባለውን፣ ዕቃውን ሳይሆን ቅርጹንና መስመሩን የሚያሳየውን ዓይነት ለመሥራት ፈልጌ ቀድሞ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች እየከረከምኩ ብሞክርም፣ የሚወጣልኝ የተቆረጠ ወንበር ወይም ግማሽ መስኮት ብቻ ነው። በምን ዓይነት ልምምድ ልጀምር? አብዝቶ መከርከምስ የፎቶውን ጥራት አይጎዳውም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «የተቆረጠ ወንበር» ማለትዎ ችግሩን በትክክል ያሳያል። ተመልካች የሚያየውን ዕቃ በስሙ መጥራት እስከቻለ ድረስ የጎደለውን እግርና መደገፊያ በሐሳቡ ስለሚሞላ፣ ምስሉ ምንጊዜም ጎዶሎ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ የዕቃው ስም እስኪጠፋና መስመሩ፣ ጥላው፣ የብርሃኑ መጠን ያለ ስም መቆም እስኪችሉ ድረስ መከርከምዎን አያቁሙ። አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 በረንዳ ላይ የወደቀ ጥላንና ጎድጓዳ ሳህኖችን በዚህ መንገድ አንሥቷል፤ እርሱ ይህን ያደረገው ካሜራውን በማስጠጋት ቢሆንም የዓይኑ ሥራ ከእርስዎ ክርከማ የተለየ አይደለም።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ልምምድ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። አንድ ፎቶ በትልቁ ያሳትሙ፤ ከወፍራም ካርቶን የ«L» ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይቁረጡና አንዱን በሌላው ላይ ደርበው እንደ ልብ የሚጠብና የሚሰፋ መስኮት ይሥሩ። ከዚያም ፎቶውን፣ ምስሉ እየታየዎ፣ የላይኛው ጠርዙ ወደ ታች እንዲሆን አዙረው ያስቀምጡት፤ የተገለበጠን ነገር በስሙ ለመጥራት ዓይን ስለሚዘገይ ቅርጹ ቀድሞ ይታያል። ከዚሁ ከአንዱ ፎቶ አሥር የተለያዩ ክፈፎች እስኪያገኙ ድረስ አይነሡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራቱ ዕቃውን የሚከተሉ፣ ማንም የሚያገኛቸው ይሆናሉ፤ ዕቃው ሲያልቅብዎ ግን በግድግዳና በጥላ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ቅርጽ እንደሆነ ማየት ይጀምራሉ፤ ልምምዱ የተፈለገውም ለዚያች ቅጽበት ነው።

ቀጥሎ አራቱን ጠርዞች ይመርምሩ። ብዙ ጀማሪዎች መሐሉን ብቻ ያያሉ፤ በረቂቅ ፎቶ ግን መስመር ከጠርዙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመሐሉ ያላነሰ ክብደት አለው። በቀጥታ ወደ ጥግ የሚገባ መስመር ዓይንን ከምስሉ ያስወጣል፤ ጠርዝ ላይ የቀረች ትንሽ ደማቅ ነጥብም እንዲሁ። ካርቶኑን ጥቂት ሚሊሜትር በማንቀሳቀስ ልዩነቱን ያያሉ። ቀለሙ ዕቃውን የሚያጋልጥ ከሆነ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥም ይረዳል።

መከርከምን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። አርኖልድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1946 ያነሣው የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪ ምስል ጉልበቱን ያገኘው በክርከማ ነው፤ ሰውየው ታች በግራ ጥግ ሲቀር የፒያኖው ክዳን ክፈፉን የሚገዛ ጥቁር ቅርጽ ሆኗል።

ስለ ጥራቱ ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። 6000 በ4000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ፣ ማለትም 24 ሜጋፒክስል ወይም 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ሲቀነስ የሚቀረው 6 ሜጋፒክስል ነው፤ ይህም በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም ወደ 25 በ17 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ጎኖቹ ወደ ሩብ ከወረዱ ግን 1.5 ሜጋፒክስል ብቻ ስለሚቀር ኅትመቱ ከ13 በ8.5 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ። ያገኙት ቁራጭ ከዚህም ካነሰና በጣም ከወደዱት ደግሞ እንደ ንድፍ ይያዙትና፣ የሚቻል ከሆነ ብርሃኑ በሚመሳሰልበት ሰዓት ወደ ቦታው ተመልሰው ያንኑ ክፍል ብቻ ተጠግተው ያንሡት።